ሲያምሽ ንገሪኝ

ያማት ይሆን?

ሦስት ቀን ሙሉ ይህችን ጥያቄ ይዤ የልጅ ልጄን ስከታተል ሰነበትኩ። መልሱን እኔ አላውቀውም። እሷም አታውቀውም። እጁ የራሷ ነው፤ እኔው አጥቤ፣ እኔው ጥፍሩን ቆርጬ ያሳደግኩት እጅ ነው። ግን «ያምሻል?» ስላት የሰው ዕቃ የት እንዳለ እንደተጠየቀች ሁሉ ትከሻዋን ሰበቅ ታደርጋለች።

ስሟ ኢልሃም ነው፤ ዕድሜዋ ሃያ ሦስት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለው የጎማ ፋብሪካ ትሠራለች። ትኩስ ጎማ ከብረት ቅርጹ ውስጥ እየመዘዘች ታወጣለች። ጓንት አያደርጉም፤ ጓንት ያዘገያል። ክር ላለው ሰው ደግሞ ጓንት ምን ይሠራለታል ይላሉ።

ክር የምንለው ከአንገት አጥንት በላይ ገብታ ወደ እጅ ነርቭ የምትወርደውን ቀጭን ቱቦ ነው። የውጭ ጫፏ ወገብ ላይ ከምትታሰር የክብሪት ሳጥን ከምታህል መሣሪያ ጋር ይገናኛል። እጅ ይጨብጣል፣ ያነሳል፣ ይጎትታል፤ አያምም። ኢልሃም ክር የገባላት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጅማቷ ተቆርጦ የተሰፋች ጊዜ ነው። በሦስተኛው ቀን ይወጣል ተብሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ክሩ እንዲቆይ የሚል ወረቀት ከፋብሪካው መጣ። ፈረመች። ይኸው አራት ዓመት ሆነው። ዛሬ ዛሬ አዲስ ተቀጣሪ ምንም ሳይሆን መጀመሪያውኑ በሁለቱም እጁ ክር አስገብቶ ነው የሚመጣው።

በእኛ ሰፈር እራት ሳይቀርብ እጅ ይታያል። መብራት ስር ቁጭ ይባልና መዳፉም፣ የመዳፉ ጀርባም፣ በጣቶቹ መሃልም ይፈተሻል። የተቃጠለ ካለ ቅባት ይደረግለታል፤ የተሰካ ካለ ይነቀላል። ልጆች የወላጆቻቸውን እጅ ማየት የሚማሩት ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ነው። ከአዋቂ ሰው ክር የሌለን እኔና የመስጊዳችን ሙአዚን ብቻ ስለሆንን ደግሞ የሰፈሩ የገላ ውሃ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው።

«እትዬ ረምላ! ኧረ ይችን ውሃ ይንኩልኝ!» ትላለች ጎረቤቴ ፌቨን በአጥር ላይ ባልዲውን እያቀበለችኝ። «ትናንት እኮ ልጁን ልቀቅለው ነበር!»

«ቀዝቃዛ ጨምሪበት። አንቺ እኮ ድንች ነው የወለድሽው የሚመስልሽ።»

ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። ባልዲው ሲመለስ ግን እጇን አያለሁ፤ ትኩሱን ከታች ደግፋ ይዛው ቆዳዋ ቀልቷል።

ማክሰኞ ማታ የኢልሃምን እጅ ሳይ ክንዷ አብጧል። ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነገር አለው።

«ምን መታሽ?»

«እኔ እንጃ። ጠዋት የቅርጹ ክዳን ወርዶብኛል መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

«እማ፣ ድምፁን ሰምቻለሁ። የማን እጅ ላይ እንደወረደ ግን አላየሁም።»

ረቡዕ ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ሄደች። አብሬያት ሄድኩ። ነርሱ እጇን አልነካም፤ ወገቧ ላይ ያለውን ሳጥን አነበበ። ህመም፦ ዜሮ። ሥራ፦ ትችላለች። የአጥንት ፎቶ የሚነሳው ቁጥሩ ከአራት ሲያልፍ ነው አለኝ። ከአራት የሚያልፈው መቼ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ክሩ ሲበላሽ ነው አለ። ክሩ ደግሞ ደህና ነው። ደግ ልጅ ነበር፤ ወንበር ስቦልኛል።

እኔ ወጌሻ ነኝ። እናቴም ወጌሻ ነበረች። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርቱን አቋረጥኩና ከእሷ ጋር መቀመጥ ጀመርኩ። የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ የቀርከሃውን ስንጥር በአራት በኩል ታስቀምጫለሽ፣ ጨርቁን ትጠመጥሚያለሽ፣ በሽተኛዋን «ሲያምሽ ንገሪኝ» ትያታለሽ። ታጠብቂያለሽ፣ ታጠብቂያለሽ። «ወይኔ!» ያለች ጊዜ አንድ ጣት ታላያለሽ። እዚያ ላይ ታቆሚያለሽ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እጄ ልኩን ያወቀው ከሰው አፍ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ኢልሃም ከፈረቃ ስትመለስ «አንቺ እሰሪልኝ» አለችኝ። ስንጥሮቹን አስቀመጥኩ። ጨርቁን ጠመጠምኩ። እሷ በግራ እጇ ስልኳን ትነካካለች።

«ሲያምሽ ንገሪኝ።»

«እሺ።»

አጠበቅኩ። «ያምሻል?»

«አያመኝም።»

ጨመርኩ። «አሁንስ?»

«እማዬ ደግሞ! ዝም ብለሽ እሰሪው፤ የኔ እጅ እኮ እንደ ድሮ ሰው አይደለም።»

ዝም ብዬ አሰርኩት። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም። የፋብሪካውን ጥፋት ስናገር የእኔን ደብቄ ማለፍ ስለማልችል ነው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «ወይኔ» እስክትል ስጠብቅ፣ ወይኔ የማይል እጅ እንደያዝኩ እያወቅኩ፣ አጠበቅኩት።

ዓርብ ለፈጅር ሶላት ስነሳ ጣቶቿን ነካሁ። ቀዝቅዘዋል። መብራት አበራሁ፤ ነጥተዋል። አውራ ጣቷን ጥፍሯ ላይ ጫን ብዬ ስለቀው ደሙ አልተመለሰም። ጨርቁን በመቀስ ቀድጄ ጣልኩት። ክንዷ ግን እንደታሰረ ሆኖ ቀረ፤ እንደ ደረቅ ሳሙና ጠጥሯል። ቆዳው ያብረቀርቃል።

ድሮ፣ ክር የሚባል ነገር ሳይመጣ፣ ወጌሾችን ሰብስበው አንድ ቀን አስተምረውን ነበር። ሐኪሙ ያሉንን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። «ክንዱ ከጠጠረ ጣቱን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ዘርጉት። በሽተኛው ከጮኸ ውስጡ እየታነቀ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ካልተከፈተ እጁ ይሞታል። ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት።»

ጣቷን ወደ ኋላ ዘረጋሁት።

ኢልሃም አዛጋች።

ትጮህ እንደሆነ ለማወቅ እጇን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ አለመጮኋን ሳይ ግን ልጮህ የደረስኩት እኔ ነበርኩ።

ሆስፒታል ደወልኩ። ስልኩን የሚያነሳው ማሽን የሳጥኗን ቁጥር ጠየቀኝ። ዜሮ አልኩት። ቀጠሮ ከሃያ ቀን በኋላ ሰጠኝ፤ ደህና ዋሉ ብሎም ዘጋ። ከዚያ የፋብሪካውን የክር ተቆጣጣሪ ጠራሁ፤ ሳጥኑን የሚያጠፋው ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው።

ኢዮስያስ ይባላል። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማውን በር ላይ የሚያወልቅ ልጅ ነው። ቤቴ ገብቶ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ አለ።

«አጥፋልኝ» አልኩት። «ለአንድ ሰዓት ብቻ። ያማት እንደሆነ ልወቅ።»

«እማማ፣ ለማጥፋት እኮ ማመልከቻ ያስፈልጋል።»

«አመልክታለሁ።»

«ማመልከቻው ላይ የህመሙ ዓይነት ይሞላል።»

«አታውቀውም እኮ! እሱን ለማወቅ ነው አጥፋው የምልህ!»

«ህመም ከሌላት ማጥፋት አይፈቀድም።»

«ካልጠፋ ደግሞ ህመም የላትም።»

«አዎ» አለ፤ አንገቱን ደፋ። «ደንቡ እንደዚያ ነው።»

«ደንቡን የጻፈው ሰው እጅ አለው?»

እጁን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ ተደገፈ። የተደገፈው የፈላ ማንቆርቆሪያ ላይ ነው። ዘልዬ እጁን መነጨቅኩት።

«ምን ሆነ?» አለኝ።

«እጅህ!»

መዳፉን ገልብጦ አየው። ቆዳው ተነስቷል። መንገድ ላይ የወደቀ የሰው ዕቃ እንዳገኘ ሰው አገላብጦ አየው፤ ከዚያ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ለስንት ጊዜህ ነው?» አልኩት።

«በዚህ ወር?» አለ።

ኢልሃም አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሁለታችንን ስታይ ነበር። ነጭ ጣቶቿን ከእኔ ጠይም ጣቶች አጠገብ አምጥታ አስቀመጠቻቸው። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ይቆረጣል?» አለችኝ።

«ከቆየ ይቆረጣል።»

«ካወጣሽው ያመኛል?»

ልዋሻት ፈልጌ ነበር። ሕፃን ሆና መርፌ ስትወጋ ሁሌም እዋሻት ነበር፤ ትንኝ ናት፣ ትንኝ ናት እያልኩ።

«በሕይወትሽ አይተሽው የማታውቂውን ያህል ያምሻል።»

«አውጪው።»

የጨርቅ መቁረጫ መቀሴን በፈላው ውሃ አጠብኩት። ክሩን ከቆዳዋ ጋር የያዘችውን አንዲት ስፌት ቆረጥኳት። ሳብኩት። አንድ ስንዝር ተኩል ወጣ፤ እንደ ምንም ነገር፣ ከቀሚስ ጠርዝ እንደሚመዘዝ ክር።

ኢዮስያስ ቆመ። «እማማ! ይሄ እኮ የድርጅቱ ንብረት ነው!»

«ይኸው፣ ውሰደው» ብዬ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። «ክሩ የእናንተ ነው። እጁ የኛ ነው።»

አልሄደም። እኔም አላባረርኩትም። ሦስታችንም ቁጭ ብለን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀመርን።

ለሃያ ደቂቃ ምንም አልነበረም። ከዚያ ኢልሃም ሳቀች። «ጉንዳን» አለች። «እማ፣ እጄ ላይ ጉንዳን አለ!» ብርድ ልብሱን ነካችው። «ይሄ ብርድ ልብስ እንዲህ ይሻክራል እንዴ?» እጇን ዘርግታ ጉንጬን ነካችኝ፤ ዓይኗ በእንባ ሞላ። «አርጅተሻል» አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ በዚያች እጅ ስትነካኝ ፊቴ እንደተሸበሸበ አላወቀችም ነበር።

ደስታዋ አምስት ደቂቃ አልሞላም። ፊቷ ተለወጠ። ከንፈሯን ነከሰች። እኔም ጣቷን ይዤ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቀስ አድርጌ ወደ ኋላ ዘረጋሁት።

ያን ጩኸት እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ሰፈራችን ውስጥ ሕፃን ይጮሃል፣ ውሻ ይጮሃል፣ ለለቅሶ ይጮሃል። አዋቂ ሰው እጁን አሞት ሲጮህ ከሰማን ግን ዓመታት አልፈዋል። በሮች ተከፈቱ። ፌቨን ልጇን ጀርባዋ ላይ አንጠልጥላ በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። «ምን አደረጉባት? ማን ነው? ማን ገደላት?» ትላለች። «ክሯ የት አለ?»

«አወጣሁት።»

«እና... እንደዚህ ነው እንዴ?» አለች ፌቨን። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች። «ውስጣችን ያለው እንደዚህ ነው?»

ኢልሃምን ደግፈን ባጃጅ ውስጥ አስገባናት። ኢዮስያስ ከፊት ተቀመጠ፤ ማን ና እንዳለው አላውቅም። ሆስፒታሉ በር ላይ ጠባቂው የሳጥኗን ቁጥር ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። ኢልሃም ጮኸች። በሩን ከፈተው። የዶክተሯ ክፍል ድረስ ማንም ቁጥር አልጠየቀንም።

ዶክተሯ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው። ክንዷን በሁለት ጣት ጫን አድርገው አዩና «አሁኑኑ» አሉ። «ሌላ ሁለት ሰዓት ቢቆይ እጅ የላትም ነበር። ማን ነው ክሩን ያወጣው?»

«እኔ ነኝ። ያሰርኩትም እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። የማደንዘዣ መርፌ አነሱ። ከአንገቷ አጥንት በላይ፣ ያው ክሩ የነበረበት ቦታ ላይ ሊወጉ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ።

እኔ መርፌውን ጠላቴ አላደርገውም። ሃያ ሰባት ዓመቴ ላይ እኔም እጄ ተቀዶ ነበር። ያኔም እዚያው ነበር የወጉኝ። ሙሉ በሙሉ ነቅቼ፣ ሐኪሙን ስለ ልጆቻቸው እየጠየቅኩ፣ እጄ እንደ ሌላ ሰው እጅ ጎኔ ተኝቶ፣ ቀደው ሰፉኝ። ከዚያ የሚበልጥ እዝነት በሕይወቴ አላየሁም። «እስኪለቅሽ እንደ እንቁላል ያዢው፤ ሲለቅሽ ራሱ ይነግርሻል» ብለው አሰናበቱኝ። በማግስቱ ነገረኝ። አለቀስኩ፤ ግን እጄ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

«መቼ ነው የሚለቃት?» አልኳቸው ዶክተሯን።

«ነገ ከሰዓት።»

«ቱቦ አይቀርባትም?»

«አይቀርባትም።»

«ወላሂ በሉ።»

ነርሷ ሳቀች። ዶክተሯ አልሳቁም። «ወላሂ» አሉኝ፤ አንገታቸው ላይ ማተብ ነበረ።

እጇ ተረፈ። ትንሿ ጣቷ ግን እስከ መጨረሻው አትታጠፍም። ያቺ ጣት የእኔ ናት።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ኢዮስያስ በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ። መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር አስቀመጠ፤ አንድ ወረቀትና አንድ የታሸገ አዲስ ክር።

«ዛሬ ከፈረቃው በፊት መግባት አለበት» አለ። «ወይም ደግሞ ወረቀቱ ላይ እንዳለው ነው። ከሥራ መሰናበት ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ሴቶቹ ክር አውጪዋ ነው የሚሉዎት። ሥራ አስኪያጁ ሰምቷል። ኢልሃም ያለ ክር ፋብሪካው በር ላይ እንዳትታይ ብሏል። ሌሎቹ እንዳያይዋት።»

«አንተስ?» አልኩት። «እጅህን የጠቀለለልህ ማን ነው?»

«ፌቨን አየችልኝ» አለ፤ ጆሮው ቀላ።

ኢልሃም ወረቀቱን አንብባ ጨርሳ አጠፈችው። እጇ ንጋት ላይ ያማታል። ብርድ ሲሆን ያማታል። ባለፈው ሳምንት ትራስ ነክሳ ስታለቅስ ሰምቼ «ለሌሊት ብቻ ቢያስገቡልሽስ?» ያልኳት እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ ያወጣሁት እኔ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

አሁንም አፌ አላርፍ አለ። «ቤት ቁጭ በይ» አልኳት። «ሥራው ይቅር፣ እኔ ገና እጅ አለኝ፣ ሰው ይመጣል። ብቻ እዚያ በር አትሂጂ። ይገፉሻል፣ ስፌቱ ገና አልጠናም፣ ከወደቅሽ ምን ይውጠኛል? ወይም ለዛሬ ብቻ አስገቢው፣ ለዛሬ፣ ነገ እናወጣዋለን፣ ማን ያያል...»

ከወንዙ ማዶ የፈረቃው ሳይረን ጮኸ።

ኢልሃም ተነሳች። ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ ጫነችው። ፊቷ ተጨማደደ፤ ትንፋሿ ተቆረጠ፤ እጇን አላነሳችም። ከዚያ አዲሱን ክር እንደታሸገ ወደ ኢዮስያስ ገፋችለት። መደርደሪያው ላይ ካለችው ቆርቆሮዬ መቀሴን አወጣች። ምድጃው ላይ የፈላው ውሃ ውስጥ ነክራ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

አጥሩ ጋ ፌቨንና ሌሎች አራት ሴቶች የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። የሸሚዛቸውን ኮሌታ ከፍተዋል፤ የክራቸው ስፌት ይታያል።

«ተጠንቀቂ» ልል አፌን ከፈትኩ። ዋጥኩት።

ኢዮስያስ ከበሩ ፈቀቅ አለላት። ኢልሃም በታመመው እጇ እጀታውን ጨብጣ ከፈተችውና ወጣች።